ከሲምቦ ሹራብ ላይ

"ክር ብቻ ነው የምልዎት፣ እትዬ ከሚሪያ። ከልብሷ ጫፍ። ጣት የምታህል።"

ፈሪሃ ይህን ያለችው በሩ ላይ ቆማ ነው። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ከታች ይዛው የወጣችው በረዶ ምንጣፉ ላይ እየቀለጠ ነበር። ከሚሪያ በአንድ እጇ ከምትጠብቃቸው ልጆች አንዱን፣ ፈዋዝን፣ በኮሌታው ይዛ፣ ካልያዙት ወደ ሊፍቱ ይሮጣልና፣ በሌላው እጇ የበሩን እጀታ ጨብጣ ሰማቻት።

"ከማን ልብስ?" አለች እያወቀች።

"ያውቃሉ።"

"እኔ የማውቀው ልጅሽ መታመሟን ነው። የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ይሄዳል።"

"ወሰድኳት እኮ። ቫይረስ ነው ብለው የትኩሳት መድኃኒት፣ ታይለኖል፣ ሰጥተው ሸኙን። እነሱ ለማያውቁት በሽታ ሁሉ ስሙ ቫይረስ ነው።" ፈሪሃ በጓንቷ አፍንጫዋን ጠረገች። "ውኃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልቆይ አለ። ዓይኗ ጎድጉዷል። ቁርኣን ተቀራላት። ምን ቀረኝ? እርስዎ ይንገሩኝ፣ ምን ቀረኝ?"

ኢቅራ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ጡት ሳትጥል ጀምሮ በጉርብትና ከሚሪያ ጭን ላይ ያደገች፣ "እማማ" ማለትን ከእናቷ ስም በፊት የለመደች። ሰኞ ዕለት እዚሁ ቤት ሲምቦ ከምትባለው አዲስ ልጅ ጋር አንድ ሳህን ሩዝ ተካፍላ በላች። ማክሰኞ ማታ አስመለሳት። ለፈሪሃ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

"እምቢ ካሉ ኢቅራን ወደዚህ ቤት አላመጣትም። የእነ ፈዋዝ እናትም አታመጣም፣ ተነጋግረናል። ያቺን ልጅ ብቻዎን ይጠብቁ።"

"በልጆቹ አታስፈራሪኝ። አንቺ ሳትወለጂ በፊት ልጅ የቀበርኩ ሰው ነኝ።"

"ለዚያ እኮ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት" አለች ፈሪሃ ቀስ ብላ። "ስለሚያውቁ።" ሰዓቷን አየች። ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው የማሸጊያ ፋብሪካ ለሺፍት የዘገየ ሰው አይወድም። "ባለቤቴ ባህሩዲን ለምሳ ሰዓት ይመጣል። ለሱ ይስጡልኝ።"

ከሚሪያ በሩን ዘጋችና ጨርቅ አምጥታ የቀለጠውን በረዶ አበሰች። እያበሰች ተሳደበች፤ ማንን እንደምትሳደብ ግን አልለየችም።

የወሎ፣ የኩታበር ሰው ናት። ወረቀቷ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው ይላል። እውነቱን የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ "ስሞት ቁጠሩት" ትላለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊርማዋ የአውራ ጣቷ አሻራ ነው፤ በዚያም አታፍርም። ፊደል የቆጠሩት ሲዋሹ ብዙ አይታለች። በጅቡቲ በኩል ወጥታ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከገባች ሰባት ዓመት ሆናት። ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ካለው ረጅም ሕንፃ አስራ አንደኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች።

በዚያ ክረምት መንግሥት አዲስ ሕግ አውጥቶ ነበር። ድሆችን ከቤት አውጥቼ ከሰው እቀላቅላለሁ አለ። ከእርዳታ የምትኖር እናት ሁሉ ወይ ሥራ ትግባ ወይ ክላስ ትግባ፤ ያለ ምክንያት የቀረች ከእርዳታዋ ይቀነስባታል። ልጆቹንስ ማን ይይዛል ሲባል፣ የሰፈር ሰው ይያዝ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ይከፍላል ተባለ። ከሚሪያ በስተርጅና የመንግሥት ሠራተኛ የሆነችው በዚህ ነው። ኢቅራ፣ ሱንዱስና ወንድሟ ፈዋዝ፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ አራት ዓመት የሆናት ሲምቦ እጇ ላይ ነበሩ።

የሲምቦ እናት ፋዮ ትባላለች። ከኬንያ የስደተኞች ካምፕ የመጣች ቀጭን ወጣት ናት፤ ባል የላት፣ ወሬ አታበዛ። ነገሩ የተበላሸው ከክላሱ ነው። አስተማሪዋ ደግ ፈረንጅ ናት ይላሉ። አንድ ቀን ሴቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስነስታ "እናታችሁ ምን ሙያ ነበራት? ባዶ እጃችሁን አልመጣችሁም፣ ንገሩን" አለቻቸው። አንዷ እናቴ ጨርቅ ትነግድ ነበር አለች፣ ሌላዋ እናቴ ሩዝ ታበቅል ነበር አለች። ፋዮ ተራዋ ሲደርስ ቆመችና "እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ድስት፣ እንስራ፣ ምጣድ" አለች። አስተማሪዋ ደስታዋ ወሰን አጣ። አርቲስት ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችላት። ከሩቅ ምሥራቅ የመጡት ሞንጎች አጨበጨቡ፣ ሶማሌዎቹ አጨበጨቡ፣ ሜክሲኮዎቹም። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሐበሾች አላጨበጨቡም። አንዷ የፈዋዝ እናት ነበረች።

በሁለተኛው ቀን ሲዋርድ ሁሉ አወቀ። ቡዳ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። "እነዚያ ናቸው አሉ" ብቻ ነው የተባለው፤ ይበቃል።

ከሚሪያ ይህንን የሰማች ዕለት "ብትሆንስ? የአራት ዓመት ልጅ ምን ትበላኛለች? ሥጋ የለኝ" ብላ ወሬኛይቱን አሳፍራ መለሰቻት። እንዲህ ማለቷን በኋላም ለራሷ ብዙ ጊዜ ነገረችው። የዚያን ቀን ከሰዓት የሲምቦን ብርጭቆ ለብቻው ሁለት ጊዜ ማጠቧን ግን ለማንም አልነገረችም።

ልጆቹን ለቁርስ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሲምቦ እናቷ የሠራችላትን ብርቱካንማ ሹራብ ለብሳለች፤ እንድታድግበት ተብሎ ሰፍቶ ጉልበቷ ድረስ የወረደ። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

"ፈዋዝ፣ እዚያ ተቀመጥ።"

"ኖ። ማሚ ሴድ ኖት ቱ።"

"እናትህ ምን እንዳለች አልጠየቅኩህም። ቂጥህን አሳርፍ።"

ልጁ ጫፉ ላይ ተንጠለጠለ። ሲምቦ ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ገፋ አደረገችለት። ፈዋዝ ዳቦውን አየ፣ እህቱን ሱንዱስን አየ። ሱንዱስ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት የተዘጋ ቀን ብቻ ትመጣለች፤ ራሷን በአሉታ ነቀነቀችበት። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሲምቦ ትንሽ ጠብቃ መልሳ ወሰደችው።

ከሚሪያ ይህን ሁሉ ከምድጃው በኩል አየች። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ሐሙስ ፈዋዝ ራሱ ምንጣፉ ላይ አስመልሶ ነበር። ትኩሳትም ነበረው። እናቱ መጥታ ወሰደችው፣ ዓርብ ቀረ፣ ሰኞ እየሮጠ መጣ። በሽታው ያን ጊዜም እዚሁ ቤት ነበር። ማንም የማንንም ክር አልጠየቀም።

ይህንን አውቃ ነው መቀሱን ያነሳችው። ይህ ነው ኋላ ያቃጠላት።

እንግዲህ ሰው ያየውን ያያል። ከሚሪያ ወጣት እናት ሳለች የመጀመሪያ ልጇን ኩፍኝ ያዘባት። ያን ጊዜ ኩፍኝ መሆኑን የነገራት አልነበረም። ቅዳሜ ገበያ ድስት የምትሸጥ ሴት ልጅቷን "እንዴት ታምራለች" ብላት ነበርና፣ የመንደሩ ወንዶች ሄደው ሴትዮዋን ከቤቷ እየጎተቱ አመጧት። ትፍ በይባት አሏት። ሴትዮዋ አፏ ደርቆ ምራቅ አጣች፤ ውኃ አጠጥተው አስተፏት። የእጇን አንጓ ይዛ ልጇ ላይ ጎንበስ ያደረገቻት ራሷ ከሚሪያ ናት። አንጓዋ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፣ እስካሁን መዳፏ ላይ ይሰማታል። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሴትዮዋን ከነልጆቿ ከአገር አስወጧት፣ ያልተተኮሰ ሸክላዋን በዱላ ሰባበሩት። ከሚሪያ ስሟን አታውቅም፣ ጠይቃም አታውቅ። ከእሷ የገዛችውን ድስት ግን እስኪሰበር ድረስ ወጥ ሠርታበታለች።

ስለዚህ ምራቅም ክርም ልጅ እንደማያድን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ኢቅራ ብትሞትስ? አንዲት ክር ከለከለች አይባልም ወይ? ደግሞ ሦስቱ ልጆች ከሄዱ ይህ ቤት ምን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ማየት ነው።

ልጆቹ ከምሳ በኋላ ተኙ። ከሚሪያ በጉልበቷ ተንበርክካ የሲምቦን ሹራብ ጫፍ ያዘች፣ አንዷን ክር በመቀሱ ቆርጣ ሳበች። ክሩ ጣት የምታህል ሆኖ አልቆመም። መጣ፣ መጣ፣ ቀለበት በቀለበት እየፈታ መጣ። ደንግጣ በጥርሷ በጠሰችው።

ቀና ስትል ልጅቷ ዓይኗን ከፍታ ታያታለች።

"እማማ፣ አሻንጉሊት ልትሠሪ ነው?"

"አዎ። ተኚ።"

"ፀጉር ልታደርጊላት?"

"አዎ።"

"ለኔ ናት?"

ከሚሪያ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላትና ወደ ሳሎን ወጣች።

ባህሩዲን ሲመጣ ታክሲውን ከታች አላጠፋውም ነበር። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በሩ ላይ ግን ትከሻውን ሰብስቦ አነሰ።

"እትዬ፣ እኔ እንኳን አላምንበትም" አለ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ።

"ካላመንክ ምን ልትወስድ መጣህ?"

"እሷ እንድታርፍ ብዬ ነው። እናት ናት፣ ጭንቀት ነው።"

"ልጅቷስ?"

"የትኛዋ? ኢቅራ?"

ከሚሪያ አየችው። ሰውዬው በቅንነት ነበር የጠየቀው። "ተወው" አለችና ክሩን በናፕኪን ጠቅልላ ሰጠችው። "ውኃ በማንኪያ በማንኪያ ስጧት፣ አንዴ አታጠጧት። ከጭሱ ይልቅ ይህንን አድርጉ። ሂድ፣ ታክሲህን ይወስዱብሃል።"

ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን፣ ውጭው ሊጨልም ሲል፣ ፋዮ ከአውቶብስ ወርዳ መጣች። ጉንጯ በብርዱ ቀልቷል፤ እጇ ላይ የክላሱ ፎልደር አለ። እንደሌላው ቀን ዝም አላለችም።

"እትዬ ከሚሪያ፣ ዛሬ አንድ ትምህርት ቤት ለወጥ ቤቱ ሰው ይፈልጋል ብለው ስሜን ጻፉልኝ። ክላሱን እስከ መጋቢት ካልቀረሁ ይወስዱኛል። አንድም ቀን እንዳልቀር ነው ያሉኝ።"

"ደግ ነው" አለች ከሚሪያ።

ፋዮ ጎንበስ ብላ ልጇን ካፖርት ልታለብስ ስትል እጇ ቆመ። የሹራቡ ጫፍ አንድ መዳፍ ያህል ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

"ማሚ፣ እማማ አሻንጉሊት ልትሠራልኝ ነው" አለች ሲምቦ። "ፀጉሯ ብርቱካን ነው።"

ፋዮ የተተረተረውን በጣቷ እያሻሸች ቆየች። ከዚያ የልጇን ራስ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከማጅራቷ፣ ከግንባሯ ፀጉሯን ገለጥ ገለጥ እያደረገች አየች።

"ከፀጉሯስ ወስደዋል?"

"አልነካሁም።"

"ትፍ በይ አላሏትም?"

"አላልኳትም።"

"እሺ። ማን ነው የታመመው?"

"ኢቅራ።"

"አላህ ያሽራት" አለች ፋዮ። የምሯን ነው ያለችው። ከሚሪያ ብትሰደብ ትመልስ ነበር። አሁን ግን እጇን ወደ ሹራቡ ዘረጋች።

"ስጪኝ ልስፋው" አለች።

"እኔ እሠራዋለሁ።" ፋዮ የካፖርቱን ዚፕ እስከ ላይ ዘጋች። "ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ አገር የእናትሽ ሥራ ምን ነበር ሲሉኝ የሚሰማው ሁሉ ፈረንጅ መሰለኝ። እናቴ ሙሉ ዕድሜዋን ውኃ ስትለምን ከአጥር ውጭ ቆማ በእፍኟ ነው የጠጣችው። ያቺ አስተማሪ አርቲስት ብላ ሰሌዳ ላይ ስትጽፋት ጊዜ... ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ።"

"ነገ ታመጫታለሽ?"

"አላመጣትም።"

"ክላሱስ?"

"ይቀራል።"

"ይቀንሱብሻል። ጠባቂ ያጣች እናት አይቀነስባትም። ጠባቂ እያላት የቀረች ናት የሚቀነስባት፤ ያቺ የካውንቲ ሴትዮ ሦስቴ ነግራናለች። ንገሪያቸው፣ ሌላ ሰው ይፈልጉልሽ።"

"ጠባቂ እኮ አለኝ" አለች ፋዮ። "ወረቀቱ ላይ እርስዎ አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንዴ በአፌ ተናግሬ ያመጣብኝን አየሁ። ሁለተኛ አልናገረውም።"

ሲምቦ ከሊፍቱ ውስጥ እጇን አውለበለበች። ከሚሪያ የቤቷን በር ይዛ ሊፍቱ እስኪዘጋ ድረስ ቆመች፤ ከተዘጋ በኋላም ቆመች።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ፈሪሃ ናት፤ ድምጿ ሌላ ሰው ሆኗል።

"እትዬ፣ ወተት ጠጣች። ትኩሳቱ ለቀቃት። አሁን ካርቱን እያየች ነው፣ ይሰማዎታል?" በስተጀርባ የልጅ ሳቅ ተሰማ። ከሚሪያ አልሐምዱሊላህ አለች።

"አዩ? እንዳልኩዎት" አለች ፈሪሃ። "ያቺ ልጅም ከእንግዲህ አትመጣም አሉ። ጥሩ አደረጉ። ሰኞ ኢቅራን አመጣታለሁ።"

"ፈሪሃ፣ ፈዋዝ ባለፈው ሐሙስ አስመለሰ። ሰኞ ዳነ። ለሱ የማንን ክር አጨስንለት?"

"እሱ ብርድ መትቶት ነዋ።"

"ልጅሽን ያዳናት የበሽታው ቀን መሙላቱ ነው፣ ክሩ አይደለም።"

"እንዴት ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አለች ከሚሪያ። ከዚያ በላይ ለመናገር አፏን ከፈተች፣ ግን ያቺን ስም የለሽ ድስት ሻጭ በስልክ ለፈሪሃ ማውራት አልቻለችም። ሳቁ አሁንም ይሰማል። ስልኩን ዘጋች።

ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው የካውንቲው ካርድ ቁጥሩ በትልቁ ነው የተጻፈው። ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች። አንድ በአንድ ተጫነች። የሴት ድምጽ ሲመጣላት "አምሃሪክ" አለች፤ ሌላ አያስፈልግም። ከቆይታ በኋላ አስተርጓሚው ገባ።

"ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ ይልማ እባላለሁ። የካውንቲው ሶሻል ወርከር መስመር ላይ ናት። ምን ልርዳዎት?"

"በላት፣ ሲምቦ የምትባለዋን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አልይዝም። እናቷ አይደለችም ያስቀረቻት፣ እኔ ነኝ ያስወጣኋት። እናቷ ላይ እንዳይቀነስ። ሌላ ጠባቂ፣ ሐበሻ ያልሆነ፣ ዛሬውኑ ይፈለግላት።"

ይልማ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ሴትዮዋ መለሰች።

"ለምን ትላለች። ልጅቷ ታስቸግራለች?"

"ልጅቷ ዳቦዋን ቆርሳ ለሰው የምትሰጥ ልጅ ናት። በላት፦ እናቷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ስለሆነች እኛ ቡዳ ናት አልን። ለታመመች ልጅ ልናጨስ ከሲምቦ ልብስ ክር ቆረጥን። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ይልማ አልተረጎመም።

"እማማ" አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህንን እንዲህ አድርጌ ልንገራት? ለፈረንጅ ምን ይመስላል? ሁላችንንም ነው የሚያዩን በዚህ። ደግሞ እርስዎን ከመዝገብ ያወጡዎታል፣ ልጆቹን ሁሉ ያነሱብዎታል። እርጅና ነው ደክሞኛል ይበሉ፣ ያልቃል።"

"አልደከመኝም።"

"ለእርስዎ አስቤ ነው።"

"ለሰው እንድታስብ አድርጋ ያሳደገችህን እናትህን አመስግንልኝ። አሁን ያልኩህን በላት።"

ይልማ ተነፈሰ። ከዚያ ረጅም እንግሊዝኛ ተናገረ፤ አንድ ቦታ ላይ ተሰናከለ፣ እንደገና ጀመረ። ሴትዮዋ ጠየቀች፣ እሱ መለሰ፣ እንደገና ጠየቀች። የኪቦርድ ኳኳታ ተሰማ።

"ምን ጻፈች? መልሳ ታንብብልኝ።"

"ጠባቂዋ ልጅቷን አልቀበልም ብላለች፣ እናቲቱ ጥፋት የለባትም። እንዲህ ነው።"

"ምክንያቱስ?"

"ምክንያቱን... 'የባህል አለመግባባት' ብላዋለች።"

"አለመግባባት የለም። በደንብ ነው የተግባባነው፣ ሁላችንም። ታጥፋው።"

በሩ ተንኳኳ። የፈዋዝ ድምጽ ነው፤ ከእናቱ ጋር ሆኖ በእግሩ በሩን ይመታል። እናቱ ከውጭ "እትዬ ከሚሪያ፣ እኛ ነን" አለች።

ይልማ ሴትዮዋን አዳምጦ ተመለሰ። "የሚጻፍበት ቦታ ትንሽ ነው ትላለች፣ ያን ሁሉ ለመጻፍ ሌላ ፎርም ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳል።"

"ታምጣው።"

በሩ እንደገና ተንኳኳ፣ አሁን ደጋግሞ። ከሚሪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

"ፎርሙ መጣ?" አለች። "እንግዲህ ከስሜ ጀምር።"